የባሌን ታሪክ ለእንግዳ ማን ይንገረው?

የተከበራችሁ አባ ገዳዎችና ሐደ ሲንቄዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች፣ ከዲንሾ የመጣችሁ አስጎብኚዎችና የፓርኩ ጠባቂዎች፣ የሮቤና የጎባ ነጋዴዎች፣

ስለ ባሌ መስህቦችና ስለ አገሩ ትረካዎች እንድናገር ጋብዛችሁኛል። የመስህቦች ዝርዝር ይዤ አልመጣሁም። ዝርዝሩን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። በዚህ አዳራሽ በጋይሳይ ሜዳ ከብት ያገደ አለ፤ ከሪራ ማር ጭኖ ጎባ ገበያ ያወጣ አለ፤ ድሬ ሼክ ሁሴንን በእግሩ ሄዶ የዘየረ አለ። ሰነቴ የት እንደሆነ ለእናንተ ብነግራችሁ ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብኛል።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ ቆሜያለሁ፤ የባሌን ታሪክ ለእንግዳ ማን ይንገረው? መልሴን ከወዲሁ ልናገር። የባሌን ተራራ፣ ዋሻና ደን ከሁሉ በፊት ያወቀው የአገሩ ሰው ነው። እንግዳው ግን ታሪኩን የሚሰማው ከሌላ አፍ ነው፤ ከመጽሐፍ፣ ከቴሌቪዥን፣ ከአዲስ አበባ አብሮት ከመጣው አስጎብኚ። ታሪኩ ወደ ባለቤቱ አፍ ካልተመለሰ፣ ጎብኚው ቢበዛም ባሌ አይጠቀምም፤ ተራራውም አይጠበቅም። ዛሬ ላሳምናችሁ የምፈልገው ይህን ነው፤ ደጋግሜም እለዋለሁ።

መንገዳችን የወይብ ወንዝ ይሁን። ወይብ ከተራሮቻችን ይነሣል፤ ሶፍ ዑመር ላይ ከዓለት ሥር ይገባል፤ ወጥቶ ወደ ቆላው ይወርድና ዶሎ አካባቢ ከገናሌ ጋር ይገናኛል። ውኃው በጁባ በኩል ሶማሊያን አቋርጦ ህንድ ውቅያኖስ ይገባል። ከላይ እንጀምር።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተደረገ ጉባኤ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ስፋቱ ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ከጎባ ተነሥቶ በሰነቴ አድርጎ ወደ ዶሎ መና የሚወርደው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ እንዲህ ያለ ከፍታ ላይ የሚወጣ የመኪና መንገድ በአፍሪካ ጥቂት ነው። ደጋ አጋዘንን በስሙ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ እንኳ በአሥር ሳንቲም ላይ አይቶታል። ከአገራችን ውጭ የትም የለም፤ በብዛት ያለውም እዚሁ ነው። ቀይ ቀበሮም እንዲሁ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከነዚያ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የባሌ ናቸው።

ይህን ሁሉ ማንኛውም የጉዞ መጽሐፍ ይነግራችኋል። መጽሐፉ የማይነግራችሁን ልንገራችሁ።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. ስለ ቀይ ቀበሮ አንድ ጥናት ወጣ፤ ዜናውም በዓለም ዙሪያ ተሰማ። በደጋችን እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ የሚቆመውን፣ ቀይና ቢጫ የሆነውን አበባ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ተመራማሪዎቹ ቀይ ቀበሮዎች የዚህን አበባ ጣፋጭ ፈሳሽ ሲልሱ አይተው መዘገቡ። አንዳንዱ ቀበሮ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ ይጎበኛል፤ አፍንጫው በአበባው ብናኝ ተለውሶ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ያልፋል። ሥጋ በል አውሬ የንብን ሥራ ሲሠራ መገኘቱ ነው ዓለምን ያስደነቀው። ታዲያ ከአጥኚዎቹ አንዱ፣ ባሌን ለብዙ ዓሠርት ዓመታት የሚያውቁት ፕሮፌሰር ክላውዲዮ ሲለሮ፣ አበባው ጣፋጭ መሆኑን እንዴት እንዳወቁ ሲናገሩ የእኛን ልጆች ጠቀሱ። የባሌ እረኞች ልጆች ሲልሱት አይተው፣ እሳቸውም ቀምሰው ነው ያወቁት።

ወገኖቼ፣ ይህን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትለፉት። ዓለም በ2017 የሰማውን ወሬ የዲንሾ ሕፃን ከእናቱ ጉያ ወጥቶ ከብት መጠበቅ ሲጀምር ያውቀዋል። እረኛው ሌላም ያውቃል። ቀይ ቀበሮ በከብት መንጋ መካከል ተከልሎ አይጥ እንደሚያድን ያውቃል። የደረሰች ባዝራ ስትወልድ እንግዴ ልጁን ለመብላት እንደሚከተላት ያውቃል፤ ጄደላ ፈርዳ፣ የፈረስ ቀበሮ፣ እያለ የሚጠራው ለዚህ ነው። ከእንግዳው ጋር አብሮ የሚሄደው ግን ይህን የሚያውቀው ሰው አይደለም። እረኛው ፈረሱን እየጎተተ ከኋላ ይከተላል፤ የሚጠይቀውም የለም።

ስለ ቀበሮው ከተናገርኩ ስለ ውሻም መናገር አለብኝ። የቀይ ቀበሮ ትልቁ ገዳይ ጥይት ሳይሆን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በሽታው ወይብ ሸለቆ ገብቶ በዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጀ። ከዚያ በፊትም በኋላም ተመላልሷል። ቀበሮው በሽታውን የሚያገኘው ከመንደር ውሻ ነው። ለዚህ ነው ከ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የክትባት ሠራተኞች በየመንደሩ እየዞሩ ውሾቻችሁን የሚከትቡት። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በምግብ ውስጥ የተደበቀ ክትባት ይሰጣል። ጎረቤታችሁ ውሻውን ከደበቀ ምከሩት። በሽታው ልጁንም ይገድላል።

አሁን ከወይብ ሸለቆ ሳንወጣ ወደ ሌላ ታሪክ እንሻገር። ፊንጫ ሐበራ የሚባል የዓለት ጥላ አለ፤ ከባሕር ወለል በላይ 3,469 ሜትር ላይ። እረኞች ዝናብና ብርድ ሲመጣ የሚጠለሉት ዓይነት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች እዚያ ያገኙትን አሳወቁ። ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች ኖረውበታል። የእሳት ምድጃቸው፣ የጠረቡት ባልጩት፣ የበሉት አጥንት ተገኝቷል። ሰው በእንዲህ ያለ ከፍታ መኖሩን የሚያሳይ፣ እስከዚያ ጊዜ ከተገኘው ሁሉ የቀደመ ማስረጃ ነው።

ምን በልተው ኖሩ? ትልቁን ፍልፈል ጠብሰው። ዛሬ ቀይ ቀበሮን የሚመግበውና ከባሌ ሌላ የትም የማይገኘው ያው ፍልፈል ነው። ባልጩቱንስ ከየት አመጡት? ከዚያ በላይ 4,200 ሜትር ገደማ ካለ ቦታ። በዚያ ዘመን የተራራው አናት በበረዶ የተሸፈነ ነበር። በረዶው ጥግ ድረስ ወጥተው ባልጩት ፈልገው የሚመለሱ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።

እኔ ይህን ጥናት ሳነብ ከሁሉ የነካኝ የቦታው ምርጫ ነው። ከ40 ሺህ ዓመት በፊት የነበረ ሰው ብርድን ለመሸሽ የመረጠውን ጥላ የዛሬም እረኛ ይመርጠዋል። ባሌን ሰው ያልነካው ምድር ብለው የሚያስተዋውቁ አሉ። እንደዚህ ያለ ማስታወቂያ ስታዩ አርሙት። ባሌ ሰው ያልነካው ሳይሆን፣ ሰው ለረጅም ዘመን አብሮት የኖረ ተራራ ነው። ጎብኚው ወደ ባሌ ሲመጣ ሊሰማው የሚገባው ትልቁ ወሬ ይህ ይመስለኛል።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው ለአንዳንዱ ጆሮ ይከብድ ይሆናል፤ ግን ሳይነገር ቢቀር ታሪኩ ጎዶሎ ይሆናል። የባሌ ገበሬና አርብቶ አደር በ1955 ዓ.ም. በግብርም በመሬትም ጉዳይ አምፆ ለዓመታት ተዋግቷል። የአመፁ መሪ ዋቆ ጉቱ የጦር መሣሪያ ያስቀመጡት በ1962 ዓ.ም. ነው። ፓርኩም የተመሠረተው በዚያው ዘመን ነው። እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሌስሊ ብራውን ደጋ አጋዘን እንዲጠበቅ ያቀረቡት ሐሳብ በጎ ነበር፤ ሐሳቡ ባይነሣ ኖሮ ዛሬ ጋይሳይ ላይ የምናየው ነገር ላይኖር ይችላል። ነገር ግን ገና ከጦርነት ለወጣው እረኛ ፓርክ ማለት ምን ነበር? ሌላ የመንግሥት አጥር ነበር። ከብቱ የሚጠጣው ጨዋማ ምንጭ ሆራው፣ ወቅት እየጠበቀ ከብቱን ወደ ደጋ የሚያወጣበት የጎደንቱ ሥርዓት፣ የአባቱ ግጦሽ በካርታ ውስጥ ገባ። እሱን ግን ያማከረው አልነበረም። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ የፓርኩ ጥበቃ ጣቢያዎች የተሰበሩትና ደጋ አጋዘን የተፈጀው ያለ ምክንያት አይደለም። ፍጅቱ ጥፋት ነው፤ ጥፋት መሆኑን ደግሞ ባሌ ራሱ ያውቃል። መነሻውን ካልተናገርን ግን ነገ እንዳይደገም ዋስትና የለንም።

አሁንም በፓርኩ ውስጥ ሰፈራውና ግጦሹ እየሰፋ ነው፤ የሚያሰጋ ነው። ከተራሮቹ የሚነሡት አምስት ታላላቅ ወንዞች እዚህም በጎረቤት አገርም ሚሊዮኖች የሚጠጧቸው ናቸው፤ ሣሩ ካለቀ ውኃው ይጎድላል። ሆኖም እረኛውን ባላጋራ አድርጎ የሚጀምር ጥበቃ ከዚህ ቀደም ሞክረነው አይተነዋል። ሌላ መንገድ እንዳለ አዳባና ዶዶላ አሳይተዋል። በዚያ በጀርመኖች እርዳታ በተጀመረ ሥራ የደኑ ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው፣ የአባላቱ ቁጥር ተወስኖ፣ ከመንግሥት ጋር ውል ፈረሙ። ደኑን ይጠብቃሉ፤ በልኩ ይጠቀማሉ። በተራራው ላይ ከእንጨት የተሠሩ ማደሪያዎች ቆሙ፤ እንግዳው ከአንዱ ወደ ሌላው በፈረስ ይሄዳል፤ ፈረሱን የሚያከራየውም፣ መንገድ የሚመራውም፣ ማደሪያውን የሚጠብቀውም የአካባቢው ሰው ነው። ፍጹም ሥራ ነበር አልልም። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ግን ግልጽ ነበር።

ከሰነቴ ወደ ደቡብ ስለሚወርደው ስለ ሐረና ደን ባጭሩ ልናገር። ማንም ሳይተክለው የሚበቅለው ቡና፣ ዛፍ ላይ የሚሰቀለው ቀፎ፣ ቀርከሃ በልቶ የሚኖረው የባሌ ጦጣ በየራሳቸው አንድ ዲስኩር ይበቃቸዋል። እዚህ የምለው አንድ ነገር ነው። የሐረና ቡና አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ ይሸጣል፤ ሮቤ ውስጥ ግን እንግዳው ይህ የሐረና ቡና ነው ተብሎ ሲቀዳለት ብዙ ጊዜ አላየሁም። ለምን?

ወንዛችንን ተከትለን እንውረድ። ከሮቤ በጎሮ በኩል ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሄደን ወይብ ከዓለት ሥር የሚገባበት ቦታ እንደርሳለን። ሶፍ ዑመር ከኢትዮጵያ ዋሻዎች ሁሉ ረጅሙ ነው፤ የተለካው ርዝመቱ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ውኃ ኖራ ድንጋዩን እየሸረሸረ ዓምድ አቁሟል፤ ቅስት ሠርቷል፤ አዳራሽ ከፍቷል። የአገሩ ትረካ እንደሚለው ሼክ ሶፍ ዑመር ከተከታዮቻቸው ጋር በዚህ ዋሻ ተጠልለው ጸልየዋል። ጂኦሎጂውን ማንም መጽሐፍ ያስረዳል። ይህ ክፍል የሼኩ መስጊድ ነው፣ እዚህ ተቀመጡ፣ እዚህ ጸለዩ ብሎ በፋኖስ የሚያሳየው ግን በዚያ መንደር ያደገ ሰው ነው። ጎብኚው ዋሻውን ያለዚህ ትረካ ካየው ያየው ድንጋይ ብቻ ነው።

ከዚያ በላይ ድሬ ሼክ ሁሴን አለ። ሼክ ሁሴን እስልምናን በባሌ ያስተማሩ ታላቅ ወሊይ ናቸው። በዓመት ሁለት ጊዜ ሕዝብ ከአርሲ፣ ከሐረርጌ፣ ከቦረና፣ ከሶማሌ፣ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። ጫፉ ሹካ የሆነ ዱላ ይዞ፣ ባህሮ የሚባለውን ዜማ እያዜመ፣ ብዙው በእግሩ። ሙስሊም ያልሆነም ስለት ይዞ ይመጣል። ሶፍ ዑመርም ድሬ ሼክ ሁሴንም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በዩኔስኮ ጊዜያዊ መዝገብ ላይ ተይዘው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ስለ ቱሪዝም ስናወራ የምንቆጥረው በዶላር የሚከፍለውን ነው። ዛኢሩን፣ ለዝያራ የሚመጣውን እንግዳ፣ ማን ቆጠረው? ባሌ ሆቴል የሚባል ነገር ሳይኖራት፣ ፓርክ ሳይታሰብ፣ ዛኢሩ በዚህ መንገድ ለዘመናት ተመላልሷል። እንግዳ መቀበልን ባሌ የተማረችው ከእርሱ ነው። ለዛኢሩ በመንገዱ ላይ ንጹሕ ውኃ፣ ጥላና መጸዳጃ ቢሠራለት፣ ለውጭ ጎብኚ ከሚሠራ ማንኛውም ነገር ይልቅ ለብዙ ሰው ይጠቅማል። ለቱሪዝም ቢሮ ባለሥልጣናት የማቀርበው የመጀመሪያው ልመና ይህ ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ከተሞች እንመለስ። ሮቤና ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ተራርቀው የተቀመጡ ናቸው። ጎባ የቀድሞው የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች፤ ሮቤ ዛሬ የዞኑ መቀመጫ ናት፤ ዩኒቨርሲቲውም አውሮፕላን ማረፊያውም እዚያ ናቸው። እንግዳው ግን ብዙ ጊዜ በሁለቱም ነዳጅ ቀድቶ ያልፋል። ቀበሮ አይቶ በማግስቱ ይመለሳል። አንድ ሌሊት ብቻ እንዲጨምር ምን እናሳየው?

ስንዴውን እናሳየው። ሲናና በመኸር ወቅት ኮምባይነር የሚርመሰመስበትን ሜዳ ያላየ ሰው ኢትዮጵያ ስንዴ ታመርታለች ሲባል በምናቡ ምን ያያል? ጋና እና ቦና በሚባሉት የእርሻ ወቅቶች በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያጭድ አገር ነው ያላችሁ። የሲናና የግብርና ምርምር ማዕከል እዚሁ አጠገባችሁ ነው። ዓውድማ ላይ የሚያስቆም፣ ገበሬውን የሚያናግር፣ የገብሱን ጩኮ በቅቤ አሽቶ የሚያስቀምስ አስጎብኚ ቢኖር እንግዳው አንድ ቀን ይጨምራል። ሆቴሎቻችን ግን ለእንግዳ የሚያቀርቡት የአዲስ አበባን ምግብ ነው፤ ጩኮ የምግብ ዝርዝራቸው ላይ የለም። ይህ ያሳዝነኛል።

ገዳን እናስረዳው። ኦዳ ሮባ የሲኮ-መንዶ ኦሮሞ ገዳ የሚመክርበት ቦታ ነው፤ መደ ወላቡ በኦሮሞ ታሪክ ያለውን ስፍራ ለእናንተ አልነግርም፤ ዩኒቨርሲቲያችሁ ስሙን ይዞታል። የገዳ ሥርዓት በኅዳር 2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ነገር ግን አንድ እንግዳ ሮቤ ገብቶ ስለ ገዳ ከአባ ገዳ አንደበት ልስማ ቢል በማን በኩል ይሂድ? ይህን የሚያመቻች ቢሮ፣ ማኅበር፣ ቀጠሮ አለን?

እናንተ ተማሪዎች፣ አሁን የምናገረው ለእናንተ ነው። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ስትጽፉ ስንት የውጭ መጽሐፍ እንደጠቀሳችሁ ብቻ አትቁጠሩ። በስልካችሁ ድምፅ መቅዳት ትችላላችሁ። ዲንሾ ውጡና የሆራውን ወግ የሚያውቁ እናት ቅዱ። ሪራ ውረዱና ቀፎ ሰቃዩን ቅዱ። ድሬ ሼክ ሁሴን ሂዱና ባህሮ የሚያዜመውን ሽማግሌ ቅዱ። በኦሮምኛ ቅዱት፣ በአማርኛም መልሱት፤ ዩኒቨርሲቲው አስቀምጦት አስጎብኚዎች የሚሰሙት ይሁን። የነጋሪውን ፈቃድ ጠይቁ፤ ስሙን ጻፉ፤ ከታሪኩ ገቢ ሲገኝ ድርሻው እንዳይረሳ።

እናንተ አስጎብኚዎች፣ እንግዳ ይዛችሁ ስትወጡ ከኋላ ፈረስ የሚጎትተውን ሰው ወደፊት ጥሩት። ጥያቄውን ለሱ ስጡት፤ እናንተ ተርጉሙ። ክፍያውም እንደዚያው ይስተካከል።

አሽከርካሪዎችና የትራንስፖርት ማኅበራት እዚህ ካላችሁ፣ አስፋልቱ ጋይሳይን አቋርጦ እንደሚያልፍ አትርሱ። ደጋ አጋዘን ንጋትና ምሽት ላይ መንገዱን ይሻገራል። እዚያ ጋ ፍጥነታችሁን ቀንሱ።

የቀረውን ጊዜ ለእናንተ ትቼዋለሁ። ከፊት ወንበር የተቀመጡ ከዲንሾ የመጡ አባት አሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በወይብ ሸለቆ ከብት እንዳገዱ ነግረውኛል። የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔን ሳይሆን እሳቸውን ጠይቁልኝ፤ ድምፅ ማጉያውን ወደ እሳቸው አሻግሩልኝ።